የተበላሸ የሶላር ፋኖስ ስልክ ይሞላል ወይ?

ጥያቄ፦ ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምባቸው ሁለት የሶላር ፋኖሶች አሉን፤ አሁን ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውለው ማታ አምስት ደቂቃ በርተው ድርግም ይላሉ። ኩታበር ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ባለ 10 ዋት ፓኔል ከነባትሪ ሳጥኑ ሰጥተውናል፤ ሳጥኑ ጭራሽ አይሠራም። ግቢ ውስጥ መሬት ላይ የሚተከሉ አራት ትንንሽ የሶላር መብራቶችም አሉ። ታናሽ ወንድሜ «የፓኔሉን ሽቦ ቆርጬ ከስልክ ገመድ ጋር ላገናኘው» ይለኛል። እናቴ «ለቆራሌው ስጡትና ቤቱ ይጽዳ» ትላለች። በእነዚህ ዕቃዎች ሁለት ዘመናዊ ስልክ፣ የእናቴን ባለ ቁልፍ ስልክ፣ ሬዲዮዋንና የዋይፋዩን ሳጥን መሙላት ይቻላል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ወንድምዎ ፒንሳውን ያስቀምጥ፤ እናትዎም ቆራሌውን ጥቂት ቀን ይታገሡልኝ። የዘረዘሩት ዕቃ ለስልኮቹና ለሬዲዮው ይበቃል። የዋይፋዩ ነገር ስሌት ስለሚፈልግ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የምጽፍልዎ ኮምቦልቻ ካለችው የጥገና ሱቄ ነው። ዱሮ ጠረጴዛዬን የሚያጣብበው ቴፕና ቴሌቪዥን ነበር፤ አሁን የሶላር ዕቃ ሆኗል። ባለፈው ጥር አንዲት እናት ከሐርቡ ፋኖስ ይዘው መጡ። «ሦስተኛዬ ነው ልጄ፤ ሁለቱን ጥዬአቸዋለሁ» አሉኝ። ከሥሩ ያሉትን የጎማ እግሮች ነቅዬ አራቱን ብሎን ስፈታ ጉንዳን አፈር አግዞ ሆዱን ግማሽ ድረስ ሞልቶታል። አፈሩን በብሩሽ ጠርጌ ባትሪውን ለካሁት፤ ላዩ ላይ 3.2 ቮልት ይላል፣ የቀረው 0.9 ነው። ፓኔሉን ደጃፍ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ስለካው ግን 6.8 ቮልት ሰጠኝ፤ ምንም አልሆነም። ሴትዮዋ የጣሏቸው ሁለት ፓኔሎችም እንዲሁ ደህና እንደነበሩ ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል።

የእርስዎም ፋኖሶች ሕመም ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ ተሞልቶ አምስት ደቂቃ ብቻ የሚያበራ ፋኖስ ባትሪው መያዝ አቅቶታል ማለት ነው። የፋኖስ ባትሪ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል። ፊቱ መስታወት የሆነ ፓኔል ግን ካልተሰበረ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል። ፊቱ ፕላስቲክ ወይም ሙጫ የመሰለ ነገር የፈሰሰበት ትንሽ ፓኔል በፀሐይ እየገረጣና ቢጫ እየሆነ ስለሚሄድ ያን ያህል አይቆይም፤ ቢሆንም ከባትሪው ይበልጣል። ከባትሪው ቀጥሎ የሚበላሸው ማብሪያ ማጥፊያው ነው፤ ከዚያ ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ።

አሁን ወደ ወንድምዎ ሐሳብ። ባለ 10 ዋቱ ፓኔል ላይ የሚታዩትን ጥቁር ሰማያዊ ቁራጮች ይቁጠራቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ 36 ናቸው። እያንዳንዱ ቁራጭ ምንም ሳይሰካበት 0.6 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ሁሉም በተርታ ስለተያያዙ ጠቅላላው 21 ወይም 22 ቮልት ይሆናል። የስልክ ገመድ የሚጠብቀው 5 ቮልት ነው። ዛሬ ፈጣን ቻርጅ የሚችሉ ስልኮች 9 እና 12 ቮልት ቢቀበሉም፣ የሚቀበሉት ከቻርጀሩ ጋር ተነጋግረውና ተስማምተው ነው፤ ፓኔል ደግሞ አይነጋገርም። እኔ በጀማሪነቴ ይህን ራሴ ሞክሬዋለሁ። ስልኬ ቻርጅ የሚል ምልክት እንኳ ሳያሳይ ሽታው መጣ፤ የመሙያውን ክፍል እስክቀይርለት ሁለት ሳምንት ተኛ።

የፋኖሶቹ ትንንሽ ፓኔሎች 6 ቮልት ገደማ ስለሆኑ ስልክ ላያቃጥሉ ይችላሉ። እነሱ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። ደመና ፀሐይዋን ሸፈን ሲያደርጋት ጉልበቱ ይወርዳል፣ ስልኩ መሙላት ያቆማል፤ ፀሐይ ስትመለስም ብዙ ስልክ ነቅለው እስኪሰኩት ድረስ አይቀጥልም። ጉም ሲመጣ ሲሄድ በሚውልበት በደሴ ሰማይ ሥር ቀኑን ሙሉ ገመድ ሲነቅሉና ሲሰኩ ሊውሉ ነው።

መፍትሔውን ውሃ ሲጠፋ የምናደርገው ያስተምረናል። ውሃ በመጣ ጊዜ በርሜል እንሞላለን፣ ከዚያ በጣሳ እንቀዳለን፤ ከቧንቧው ሥር ጣሳ ይዞ የሚጠብቅ የለም። (ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት ድፍረት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።) በፓኔሉና በስልኩ መሃል አንድ ማጠራቀሚያ ባትሪ ያስፈልጋል። ፀሐይዋ እንደፈቀደች ትሙላው፤ ስልኩ ማታ ሲመቸው ይቅዳ።

ማጠራቀሚያ ከመፈለግዎ በፊት ግን ፓኔሉ ደህና መሆኑን ያረጋግጡ። ከሰፈር ኤሌክትሪሻን ቴስተር ይዋሱ። ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ፓኔሉን ፊት ለፊት ወደ ፀሐይ አዙረው መጀመሪያ ቮልቱን ይለኩ፤ 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መልካም። ቮልት ብቻውን ግን ያታልላል፤ የደከመ ፓኔልም ጥሩ ቮልት ያሳያል። ስለዚህ ቀዩን ገመድ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ አዛውረው፣ ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ የፓኔሉ ሽቦዎች ላይ ያድርጉ። ለ10 ዋት ፓኔል 0.5 አምፔርና ከዚያ በላይ ይጠበቃል። ይህን የአምፔር ልኬት ባትሪ ላይ ከቶ እንዳያደርጉ! ፓኔል ሲገናኝ ካለው በላይ አይሰጥም፤ ባትሪ ግን ያለውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይተፋል። ሱቄ የሚለማመድ አንድ ልጅ ከፓኔል ወደ ባትሪ ሲዞር ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት መመለስ ረስቶ የቴስተሩ ጫፍ ቀልጦ በእጁ ቀረ።

ፓኔሉ ጤነኛ ከሆነ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በዚህ መንገድ እሄዳለሁ። ቤት ውስጥ ወይም ጎረቤት ዘንድ የሚሠራ፣ ያላበጠ፣ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ የሆነ ፓወር ባንክ ካለ ማጠራቀሚያው እሱ ይሁን። ውስጡ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ፓኔልዎ በአንድ ቀን ሊያመጣ ከሚችለው ጋር የሚመጣጠን ነው። መሃል ላይ የፓኔሉን 18 ቮልት (ባዶውን 21 የሚለው ሥራ ላይ ሲሆን ወደዚህ ይወርዳል) ወደ 5 የሚያወርድ ትንሽ ቦርድ ይገባል። የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚሸጡ ሰዎች ሲጠይቋቸው ኤል ኤም 2596 የሚባለውን ያቀርቡልዎታል፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ነገር ግን ቢገኝ ኤክስ ኤል 4015 የሚባለውን፣ ከአንድ በላይ ማስተካከያ ብሎን ያለውን ይምረጡ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው «ሶላር አይረባም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ፓወር ባንኩ 2 አምፔር ይጠይቃል፤ በ5 ቮልት 10 ዋት ማለት ነው። ፓኔሉ 10 ዋት የሚሰጠው በወረቀት ላይ፣ በፋብሪካ መብራት ሥር ነው፤ ጣራ ላይ 7 ወይም 8 ቢሰጥ ነው። ከሚችለው በላይ ሲጠየቅ «7 ልስጥህ» አይልም፤ ቮልቱ ከ18 ወደ 6 እና 7 ይወድቅና የሚያመጣው ኃይል ከ4 ዋት በታች ይሆናል። በቅሎ አቅሟን ሲጭኗት ትሄዳለች፣ ካለፈ ትተኛለች፤ ፓኔልም እንደዚያ ነው። ሁለተኛው ብሎን አምፔሩን ይገድባል። መጀመሪያ ምንም ሳይሰኩ ቮልቱን 5.1 ላይ ያድርጉ። ከዚያ ፓወር ባንኩን ሰክተው፣ በጥሩ ፀሐይ፣ የፓኔሉን ቮልት በቴስተር እያዩ የአምፔሩን ብሎን ቀስ አድርገው ያዙሩ። የፓኔሉ ቮልት 17 ወይም 18 አካባቢ ሲቆም ያ ነው ቦታው፤ 1.2 አምፔር አካባቢ ይሆናል። ይህችን ትንሽ ሥራ የሠራና ያልሠራ ሰው ከአንድ ፓኔል የሚያገኙት ልዩነት እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ቦርዱን ጣራ ላይ እንዳይተዉት። ከጣራው ወደ ቤት የሚወርደው ረጅሙ ሽቦ 18 ቮልቱን ይሸከም፤ ወደ 5 የሚወርደው ቤት ውስጥ፣ ፓወር ባንኩ አጠገብ ይሁን። በቀጭን ግማሽ ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ 5 ቮልትና 1 አምፔር 10 ሜትር ቢያስኬዱ 0.7 ቮልት ያህል ሽቦው ላይ ይቀራል፤ ስልክ 4.3 ቮልት ሲያይ ይኮራል። በዚያው ሽቦ 18 ቮልት ቢሄድ የሚጠፋው ከ100 እጅ 2 ገደማ ብቻ ነው። ባትሪ የሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ ከፓኔሉ ጀርባ ይራቅ። ቆርቆሮ ላይ የተኛ ፓኔል በቀትር 60 ዲግሪ ይደርሳል፤ እኛ ኮምቦልቻዎች ይህን ለማወቅ ቴርሞሜትር አያስፈልገንም።

አሁን ስሌቱ። በበጋ ቀን 5 ሰዓት ያህል ጠንካራ ፀሐይ አለ እንበል፤ 10 ዋት በ5 ሰዓት 50 ዋት ሰዓት ነው። በሙቀት፣ በቦርዱ፣ በፓወር ባንኩ መግቢያና መውጫ ግማሹ ይቀልጣል ብለን እንቁጠር፤ 25 ይቀራል። 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ዘመናዊ ስልክ ከባዶ እስኪሞላ 19 ያህል ይፈልጋል፤ የእናትዎ ባለ ቁልፍ ስልክ 4 ገደማ። ስለዚህ በቀን አንድ ዘመናዊ ስልክና የእናትዎ ስልክ ሙሉ ይሆናሉ። ሁለተኛው ዘመናዊ ስልክ ተራ ይጠብቃል፤ ሁለቱም በየቀኑ ዜሮ ካልገቡ ግን በቴሌብር ለመክፈልና ለመደወል አያንሱም። በሐምሌና ነሐሴ ይህን ሁሉ በግማሽ ይቀንሱት።

ዋይፋዩ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ሳጥኑ 12 ቮልት የሚጠይቅና 8 ዋት የሚበላ ከሆነ በሦስት ሰዓት 24 ዋት ሰዓት ይጨርሳል፤ የፓኔልዎ የአንድ ቀን ድካም በሙሉ ማለት ነው። ለእሱ የምመክረው ፀሐይን ሳይሆን ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ነው፤ ቢሮዎች ከዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር ከሚያቆየው ሳጥን፣ አውጥተው የሚጥሉት። መብራት ሲኖር ለዚያው ዓይነት ባትሪ በተሠራ ቻርጀር ይሞላ፤ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩን ያንቀሳቅስ። 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ አምስት ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ማውረድ ያሳጥረዋል። ባትሪው በመሞላት ላይ ሳለ እስከ 14.4 ቮልት ስለሚወጣ ዋይፋዩን የሚሰኩበት ቻርጀሩን ከነቀሉ በኋላ ይሁን። ከፖዘቲቩ አጠገብ 5 አምፔር ፊዩዝ ሳያስገቡ እንዳይጀምሩ። ያገለገለ ሲገዙም ሞልተው ለ12 ሰዓት ያስቀምጡት፤ ከ12.6 በታች ከወረደ አይውሰዱት። ለወራት ባዶውን የከረመ የእርሳስ ባትሪ በምንም ዘዴ አይነሣም፤ ጨው ጨመርኩበት፣ ውሃ ቀየርኩለት የሚልዎን ሰው አይስሙ።

የኩታበሩ ሳጥንም ይከፈት። አንዳንዱ ውስጥ የተበላሸው ፊዩዝ ወይም የተነቀለ ሽቦ ብቻ ነው፤ ካቻቢቴና አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

ፋኖሶቹን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ ማፍረስ አልወድም፤ ባትሪያቸውን መቀየር ይሻላል። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። በገበያ ሁለት ዓይነት የሊቲየም ባትሪ አለ፤ መልካቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ። አንዱ 3.2 ቮልት ይላል፣ ሲሞላ 3.6 ላይ ይቆማል። ሌላው 3.7 ይላል፣ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል፤ ከላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የሚወጣው ይኸኛው ነው። ደህና ደህናዎቹ ፋኖሶች በአብዛኛው 3.2ቱን ይጠቀማሉ፣ ሙቀትን ስለሚችል። 3.7ቱን በ3.2 ፋኖስ ውስጥ ቢከቱት መሙያው ገና ሳይጠግብ ያቆምበታል፤ ፋኖሱ በርቶ ቶሎ ይጠፋል፣ ሲጠፋም ባትሪውን ከልኩ በታች አውርዶት ነው። ተገላቢጦሹ የከፋ ነው፤ 3.2ቱን ለ3.7 በተሠራ መሙያ ላይ ካደረጉት ከልኩ በላይ ይሞላል፣ ይግላል፣ ያብጣል። የድሮውን ባትሪ ይዘው ሄደው ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር እያመሳከሩ ይግዙ። ፋኖሱ የስልክ መሙያ ቀዳዳ ካለው ባትሪው ሲታደስ ቀዳዳውም ይታደሳል፤ ባለ 1.5 ዋት ፓኔል በቀን 5 ዋት ሰዓት ያህል ስለሚያስገኝ የእናትዎ ስልክ በእሱ ይሞላል፣ ትልቁ ፓኔልም ያርፋል።

አንደኛው ፋኖስ የውስጥ ቦርዱ የተቃጠለ ሆኖ ቢገኝ ብቻ፣ ፓኔሉን ቲፒ 4056 በሚባል የባትሪ መሙያ ቦርድ በኩል ከ3.7 ቮልት ባትሪ ጋር ማገናኘት ይቻላል። ቦርዱ እስከ 8 ቮልት ይችላል፤ ባዶውን ሲለካ ከ7.5 የማይበልጥ ፓኔል ይሁን፣ በደሴ ቀዝቃዛ ጠዋት የፓኔል ቮልት ከፍ ይላልና። ቦርዱ ሲመጣ ለ1 አምፔር የተሠራ ስለሆነ ትንሹን ፓኔል ያደክመዋል፤ ላዩ ያለችውን 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በ5 ኪሎ ኦም ቢቀይሩለት 250 ሚሊ አምፔር ላይ ይረጋል። ይህ ካውያ መያዝ ለሚችል ሰው ነው፤ ወንድምዎ እጁ ከበላው በዚህ ይወጣለት።

አራቱ የግቢ መብራቶች ለስልክ አይሆኑም፤ ፓኔላቸው 2 ቮልት ገደማ ነው። ለሬዲዮው ግን ሲሳይ ናቸው። ሆዳቸውን ቢከፍቱ 1.2 ቮልት የምትል፣ ደግማ የምትሞላ ድንጋይ ያገኛሉ። የእናትዎ ሬዲዮ በዚያው መጠን ድንጋይ የሚሠራ ከሆነ፣ ድንጋዮቹን ቀን ግቢ መብራቱ ውስጥ፣ ማታ ሬዲዮው ውስጥ ያድርጓቸው። አዝጋሚ ነው፤ ብዙ የሚይዝ ድንጋይ እስኪሞላ ብዙ ቀን ይፈጃል፣ ማብሪያ ካለውም ማታ እንዳያበራ ይጥፋ። ሁለት ስብስብ አድርገው ቢያፈራርቁ ግን የሬዲዮ ድንጋይ መግዛት ይቀንስልዎታል። ተራውን፣ ከሱቅ የሚገዛውን ድንጋይ እዚያ ውስጥ እንዳይከቱ፤ ይፈነዳል ወይም ያለቅሳል።

ፓኔሉን ስለ መስቀል፤ ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፊቱ ወደ ደቡብ ትንሽ ያዘንብል፣ 15 ዲግሪ ይበቃል። 35 ሳንቲ ሜትር ለሚረዝም ፓኔል የሰሜኑን ጠርዝ 9 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ማለት ነው። ሰሜን የቱ እንደሆነ ካጠራጠርዎ፣ በበጋ 6 ሰዓት ላይ ጥላዎ የሚወድቅበት ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይዋ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ያን ጊዜ አስተኝተው ይተዉት፤ ዝናቡ እንዲያጥበው ያህል ብቻ ይዘንብል። ከዝንባሌው ይልቅ ጥላ ይጎዳል። ቁራጮቹ በተርታ የተያያዙ ናቸውና የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ የተሰጣ አንድ ፎጣ ጥግ ላይ ጥላ ቢጥል የሁሉንም ኃይል ያወርደዋል። ጦሳ ሥር ላሉ ሰፈሮች የተራራውን ጥላ ማንም አያነሣላቸውም፤ ፎጣውን ግን ማንሣት ይቻላል።

እናትዎ የጠየቁት ቆራሌ በመጨረሻ ድርሻውን ያገኛል። የሞተ የእርሳስ ባትሪ በኪሎ ስለሚገዛ ሳይከፈት፣ አሲዱ ሳይፈስ፣ እንዳለ ይውሰደው፤ ሰፈር ውስጥ እርሳስ የሚያቀልጥ ሰው ካለ ግን ልጆች ከዚያ ይራቁ። የሞቱት የሊቲየም ባትሪዎች ሁለቱም ጫፋቸው በናስትሮ ይሸፈን፤ ያበጠ ካለ ለብቻው በደረቅ አሸዋ በተሞላ የወተት ጣሳ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ከቆሻሻ ጋር አይቃጠል፣ ወንድምዎም በካቻቢቴ አይወጋው።

ቴስተሩን ሲያገኙ የትልቁን ፓኔል ቮልትና አምፔር፣ የፋኖሶቹን ባትሪ ቁጥርና ከኩታበሩ ሳጥን ውስጥ ያገኙትን ባትሪ ዓይነት ይጻፉልኝ። አምፔሩ ከ0.3 በታች ከመጣ የአሁኑን ስሌት ትተን እንደ አዲስ እንሠራዋለን፤ ከዚያ በፊት ግን የፓኔሉን ጀርባ ያለችውን ጥቁር ሳጥን ከፍተው ሽቦው ዝጎ እንዳይሆን ይመልከቱ።